ዘውግዎ ምንድን ነው?

አንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት እጁን አወጣና «ዘውግዎ ምንድን ነው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ፊቴ ላይ ድቅን ያለው የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ነበር፤ «ብሔር» የሚለው መስመር። ልጁ ግን ክፋት የለበትም። ፍቅር ነው የሚጽፉት ወይስ ወንጀል፣ ታሪካዊ ነው ወይስ ሳይንሳዊ ማለቱ ነው። አማርኛችን ለሁለቱ ጉዳይ አንድ ቃል ስለያዘ ነው ያስበረገገኝ።

ከዚያ ሁለተኛውን አስከተለ። «እኔስ በእንግሊዝኛ ብጽፍ ይሻለኛል ወይስ በአማርኛ?»

እሱ ሁለት ጥያቄ መስሎታል። እኔ አንድ ነው ባይ ነኝ። ቋንቋውን የመረጠ ጸሐፊ ዘውጉም እኩሌታው ተመርጦለታል። ይህን ሳያውቁ የጀመሩ ሰዎች ሠላሳኛው ገጽ ላይ ይቆማሉ። ከቆሙት አንዱ እኔ ነኝ፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የተለመደው ምክር «አፍህን በፈታህበት ጻፍ» የሚል ነው። ደስ የሚል ምክር ነው። ግን የአማርኛን ልብ ወለድ ታሪክ ይዘን ስናየው ብዙ አያስኬድም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አድዋ አካባቢ የተወለደ የትግርኛ ልጅ ነው። የአዲስ አበባውን የውቤ በረሃ ሰፈር የሌሊት ወሬ ግን በዚያ ልል አማርኛ እንደሱ አድርጎ ወረቀት ላይ ያስቀመጠ አላየሁም። በዓሉ ግርማ ከኢሉባቦር የመጣ ነው፤ እናቱ ኦሮሞ ናቸው። የአማርኛ ልብ ወለድ ያለ በዓሉ ምን እንደሚመስል አስቡት እስቲ።

በርግጥ «መረጡ» ስንል ቃሉን ጠንቀቅ ብለን እንያዘው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ ብሎ ደንግጎ ነበር። ማተሚያ ቤቱም፣ ጋዜጣውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ደሞዙም እዚያው ነበሩ። በሌላው የአገር ቋንቋ የጻፈ ሰው አንባቢ ቢኖረው እንኳ አሳታሚ ማግኘት ይቸግረው ነበር። አንዱ በር ብቻ ክፍት በሆነበት ቤት «በየት ትገባለህ?» ተብሎ አይጠየቅም።

ሁሉንም በር አንኳኩቶ ያየ አንድ ሰው አለ፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም። የጉራጌ ልጅ ነው። ሎስ አንጀለስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የመጀመሪያ ሥራውን በቸሃ ጻፈው። ቸሃ ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በዚያን ጊዜ ልብ ወለድ ይጻፍበታል ብሎ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። እዚያው ያስተምሩ የነበሩት የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሱትና እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። ቀጥሎ ሣህለ ሥላሴ ራሱ በእንግሊዝኛ ጻፈ። በአማርኛም ጻፈ። ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ሰው።

ይበልጥ የሚገርመኝ በየቋንቋው የጻፈው ነገር ነው። በቸሃ የጻፈው የአንድ መንደር ኑሮ ነው፤ ልጅነት፣ እርሻ፣ ትምህርት። በእንግሊዝኛ የጻፈው የመጀመሪያ ልብ ወለድ ርዕሱ «አፈርሳታ» ይባላል። አፈርሳታን የገጠር ሰው ያውቀዋል። ሌባው ወይም ቤት አቃጣዩ ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው ተሰብስቦ የሚያውጣጣበት ሸንጎ ነው፤ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ። ታሪኩ የሚነሳውም ከአንድ የተቃጠለ ጎጆ ነው።

አሁን እንደ ወንጀል ጸሐፊ ሆናችሁ አስቡት። ጎጆ ተቃጥሏል። አቃጣዩ አልታወቀም። መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጧል፤ እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። ይሄ እኮ ተጠርጣሪው ሁሉ የተዘጋበት የተቆለፈ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ሰማይ ሆነ እንጂ! ለአማርኛ አንባቢ ቢሆን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ልብ ማንጠልጠል ይቻል ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ጸሐፊው መጀመሪያ አፈርሳታ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠራው፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚቀጣ ማስረዳት አለበት። ማስረዳት ሲበዛ ጥርጣሬው ይቀዘቅዛል። በእኔ አነባበብ መጽሐፉ የወንጀል ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የባህል ሥዕል ሆነ። ጥሩ ሥዕል ነው። ግን ዘውጉን የወሰነው ቋንቋው ይመስለኛል።

የእኔም ነገር ከዚሁ ይገናኛል። ከዓመታት በፊት ለአንድ የውጭ ውድድር የወንጀል ታሪክ በእንግሊዝኛ ልጽፍ ተቀመጥኩ። በአእምሮዬ የነበረው መነሻ ዐረፍተ ነገር ይሄ ነው፦ «ጠዋት ስወጣ እማማ በር ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል።»

በአማርኛ በቃ። ሰው ሞቷል። የሞተው ሌሊት ነው። ጎረቤት ነው። እኔ እስከ ጠዋት አልሰማሁም፤ ለምን አልሰማሁም? አራት ነገር በአንድ መስመር፣ አንዱም ሳይነገር። በእንግሊዝኛ ስጽፈው እድር ማለት በየወሩ የሚዋጣበት ማኅበር መሆኑን፣ ድንኳኑ የማኅበሩ ንብረት መሆኑን፣ በእኛ አገር ለቀስተኛ ድንኳን ሥር እንደሚቀመጥ አስረዳሁ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ሟቿን ረስቻታለሁ። «እማማ» የሚለውንም ምን እንደማደርገው አጣሁ። ስም አይደለም፣ እናቴም አይደለችም። ሠላሳኛው ገጽ ላይ ተውኩት። ውድድሩም አለፈኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይሄንኑ ነው። ቋንቋ ስትመርጡ የምትመርጡት ማስረዳት የሌለባችሁን ነገር ነው። «በሞቴ ብላ!» የሚለውን ውሰዱ። ሴትየዋ እንግዳዋን ጉርሻ ይዛ ትለምናለች፤ ፍቅር ነው። ቃል በቃል እንግሊዝኛ ብታደርጉት ሰውየው የሚመረዝ ይመስላል። ለወንጀል ጸሐፊ ይሄም ሌላ ዕድል ነው፤ ግን ያሰባችሁት እሱን አልነበረም።

ወንጀል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ዘውግ ነው። በአማርኛ መርማሪ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ሌላው ዓለም ብዙም የማያውቀው ጣጣ አለበት። ግሱ ይናገርበታል። «አንኳኳ» ካላችሁ ወንድ ነው፤ «አንኳኳች» ካላችሁ ሴት ናት። ገዳዩን ደብቃችሁ ለማቆየት በፈለጋችሁት ቦታ ሁሉ ግሱ ግማሹን ይዘከዝካል። «በሩ ተንኳኳ» ብላችሁ ታመልጣላችሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። አምስተኛው ላይ አንባቢው ነቅቷል። «አንድ ሰው አንኳኳ» ብላችሁ መጨረሻ ላይ ሴት ብታደርጉት ደግሞ ተጭበረበርኩ ብሎ መጽሐፉን ይወረውራል።

በአንደኛ መደብ ብትጽፉትስ? «ገደልኩት» ይላል ተራኪው። የራሱ ጾታ ተደበቀ፤ የሟቹ ግን ወጣ። «ገደልኩት» ወይ «ገደልኳት» ነው፤ መሀል የለም። ተራኪውም ቢሆን ተደብቆ የሚቆየው ሌላ ሰው እስኪያናግረው ነው። የጥበቃው ሠራተኛ «ወዴት ነሽ?» ባለ ደቂቃ አለቀ።

ደግነቱ አማርኛ ቁልፉንም ይዞታል፤ አክብሮት። «እሳቸው መጡ» ስትሉ ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። «መጡ» ብቻ ካላችሁማ አንድ ሽማግሌ ይሁን አምስት ጎረምሳ አይታወቅም። ጾታም ቁጥርም በአንድ ፊደል ጠፉ። ገዳያችሁን ሰው ሁሉ የሚያከብረው አዛውንት ካደረጋችሁት ሦስት መቶ ገጽ መሸሸግ ትችላላችሁ። በዚያ ላይ ትርጉሙ ይጥማል፤ የደበቃቸው ራሱ አክብሮቱ ነውና።

የአማርኛ ልብ ወለድ የተጀመረውም በዚህ ጨዋታ መሆኑ ደስ ይለኛል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን፣ በኋላ ጦቢያ ተብሎ የታወቀው፣ ዋና ባለታሪኳ ወንድ መስላ የምትሄድ ልጃገረድ ናት። በአማርኛ ወንድ መምሰል በልብስ ብቻ አይሆንም። ያናገራት ሁሉ «አንተ» ማለት አለበት። ልብሱን ግሱም ይለብሰዋል። «ልብ ወለድ» የሚለው ስማችንም ከዚያው መጽሐፍ ርዕስ የመጣ ነው። ሰውየው ኢጣልያ ተቀምጦ፣ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ እያስተማረ፣ የውጭ ቋንቋዎች በእጁ እያሉ ታሪኩን በአማርኛ መጻፉን ሳስብ ምርጫው ዛሬም ይገርመኛል።

ከእርስዎ ወደ አንተ መውረድም ሌላ ሀብት ነው። የቤት ሠራተኛዋ አሥር ዓመት ሙሉ «እትዬ፣ እርስዎ» ስትል ኖራ አንድ ማታ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ «አንቺ ራስሽ ነሽ የሰረቅሽው!» ትላለች። የታሪኩ ጣሪያ እዚያ ላይ ነው። ማንም አልጮኸ፣ ዕቃም አልተሰበረ። በእንግሊዝኛ ለሁለቱም ተውላጠ ስሙ ያው አንድ ስለሆነ ጸሐፊው ዕቃ መስበር ግድ ይለዋል።

ታዲያ ሁሉም በአማርኛ ይጻፍ ማለቴ ነው? አይደለም። ሰው ወደ እንግሊዝኛ የሚሄድበት በቂ ምክንያት አለው። አንዱ ምክንያት ምርጫም አይባልም። ዲናው መንግስቱ አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ነው ወደ አሜሪካ የሄደው። መዓዛ መንግስቴም በልጅነቷ ነው የወጣችው። ባደጉበት ቋንቋ ነው የጻፉት። መዓዛ በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች የጻፈችው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል።

ሁለተኛው ምክንያት ሳንሱር ነው። ደርግ በዓሉን ኦሮማይ በተባለው ልብ ወለዱ ምክንያት ምን እንዳደረገው ይታወቃል፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሐማ ቱማ በስደት ሆኖ የደርግን ፍርድ ቤት በእንግሊዝኛ ሲሳለቅበት የሚቆርጥበት ሳንሱር አልነበረም። የአገር ውስጡ ስላቅ አፉን የያዘበትን ነገር የእንግሊዝኛው ስላቅ እንደልቡ ተናገረው። ዘውግን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ይመርጠዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ገንዘብና ዝና ነው። በእሱ ማፈር አያስፈልግም።

ችግሩ የእንግሊዝኛው በር ሲከፈት ጠባብ መሆኑ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወይም ስለ ኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ የወጡትን ስም ያገኙ ልብ ወለዶች ደርድሩና እዩ። አብዮት፣ ጦርነት፣ ንጉሥ፣ ስደት። በጣም ጥሩ መጻሕፍት አሉባቸው፤ ደራሲዎቹን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ግን ሐዋሳ ላይ ስለሚፋቀሩ ሁለት የባንክ ሠራተኞች የሚያስቅ ታሪክ በእንግሊዝኛ ወጥቶ አያችሁ? እኔ አላየሁም። ሩቅ ያለ አንባቢ ከእኛ የሚጠብቀው ታሪካችንን ነው፤ ወሬያችንን አይደለም። ወሬ የሚያወራ ጸሐፊ ወሬው ወደሚገባው ሰው መሄድ አለበት።

ዳኛቸው ወርቁ ይህን ልዩነት በራሱ ላይ ያሳየ ይመስለኛል። በ1962 ዓ.ም. አደፍርስን በአማርኛ አወጣ። ጥቅጥቅ ያለ መጽሐፍ ነው፤ የሸዋ ገጠር አነጋገር፣ ግጥም፣ ተረት፣ ክርክር። መዝገበ ቃላት ይዘው የሚያነቡት አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ሃይነማን በአፍሪካ ደራስያን ተከታታዩ አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ የሚለውን የእንግሊዝኛ ሥራውን አሳተመ። ታማሚ አባቱን ለጸበል ወደ ዝቋላ ይዞ የሚወጣ ልጅ ታሪክ ነው። አጭር ነው፣ ደረቅ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። አንድ እጅ የጻፋቸው አይመስሉም። በአማርኛ ቋንቋውን ራሱን ገጸ ባሕርይ አደረገው፤ በእንግሊዝኛ ታሪኩን ብቻ ይዞ ወጣ።

በተቃራኒው የሄደው ኦሮማይ ነው። በ1975 ዓ.ም. በአማርኛ የወጣ የስለላ፣ የፍቅርና የፖለቲካ ልብ ወለድ፤ አስመራ ላይ፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ መሀል። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ። ርዕሱን ኦሮማይ ብለው ትተውታል። ጎበዞች ናቸው። ልብ በሉ፤ በዓሉ ለውጭ አንባቢ አላስረዳም። ለእኛ ነው የጻፈው፣ ያውም ለቸኮለ አንባቢ በሚመች ዘውግ። ዘግይቶም ቢሆን ሌላው ዓለም መጣለት። እሱ ግን አላየውም።

አሁን አማርኛና እንግሊዝኛ እያልኩ ሌላውን መዝለሌ አግባብ አይሆንም። በ1999ኙ ቆጠራ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው 21.6 ሚሊዮን ገደማ፣ ኦሮምኛ አፍ መፍቻው የሆነ 24.9 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ፊደል የቆጠረ ትውልድ ዛሬ ልጅ ወልዷል። ለእሱ በኦሮምኛ የፍቅር ታሪክ መጻፍ የአቋም መግለጫ መሆኑ እየቀረ ነው፤ ገበያ ነው። ትግርኛም ቢሆን አዲስ ጀማሪ አይደለም። ገብረየሱስ ኃይሉ ለጣልያን ሊዋጋ ሊቢያ ስለዘመተ ኤርትራዊ ወታደር የሚተርከውን ልብ ወለዱን በትግርኛ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ ለመታተም ግን ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቋል። በእነዚህ ቋንቋዎች የሚጽፍ ሰው አንድ ጥቅም አለው። ያልተሞከረ ዘውግ ብዙ ነው። በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ የመጀመሪያውን የሚያስፈራ ታሪክ የሚጽፈው ሰው ማንም አይቀድመው ይሆናል።

ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እስር ቤት ሆኖ በኪኩዩ ቋንቋ ልብ ወለድ ሲጽፍ የተጠቀመው የሽንት ቤት ወረቀት ነበር። የእኛው ነቢይ መኮንን ደግሞ በደርግ እስር ቤት የአሜሪካኖችን ወፍራም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ወደ አማርኛ መለሰው፤ ነገም ሌላ ቀን ነው ተብሎ ታተመ። አንዱ ከእንግሊዝኛ ሸሸ፣ ሌላው እንግሊዝኛውን ጎትቶ አመጣ። ሁለቱም ግን ከጎናቸው ለተኛው እስረኛ በሚገባው ቋንቋ ነው የጻፉት።

ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አጠር ላድርገው። «አማርኛ ቃል የለውም» የሚለው ሰበብ አይዋጥልኝም። ሮቦት፣ ሳተላይት፣ ቫይረስ ብሎ መጻፍ ማን ከለከለ? እውነተኛው ችግር ቢዘገይ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስን የተማርነው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ሐኪም ታሪክ ሲጽፍ የሆስፒታሉ ክፍል በጭንቅላቱ ውስጥ የሚያወራው በጉራማይሌ ነው። «ፔሸንቱ ስቴብል ነው፣ ግን ፕሬዠሩን ተከታተይልኝ።» እንዲህ ነው የሚባለው። «ታካሚው የተረጋጋ ነው» ብሎ ያጸዳው ጸሐፊ ቋንቋውን አዳነ፣ ሐኪሙን ገደለ። እኔ ብሆን ጉራማይሌውን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ሽማግሌው ታካሚ «ምን አለ እሱ?» ብለው ነርሷን ሲጠይቁ ደግሞ ታሪኩ እዚያ ይጀምራል።

ታሪካዊ ልብ ወለድ ለሚያስብ በአማርኛ ያለው ስንቅ ብዙ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕሎች በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። የዘመኑ ሰው እንዴት ይቆጣ፣ እንዴት ይሳደብ እንደነበር እዚያ ይሰማል። በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ግን ለደጃዝማቹ አፍ የሚሆን ቋንቋ ከዜሮ መፍጠር አለበት። አንዳንዴ እንደ ድሮ እንግሊዝ መኳንንት ያናግራቸዋል፤ ያስቃል።

ገበያው? መጽሐፍ ውድ ሆኗል፣ ወረቀት ውድ ሆኗል፣ የታተመው ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ፒዲኤፍ ሆኖ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ግን ቴሌግራሙ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ሰው በክፍል በክፍል የሚለቀቅ ታሪክ ይወዳል፤ ድሮ በሬዲዮ የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ እንደሚጠብቀው ማለት ነው። በጆሮ የሚነበብ ታሪክ አጭር ዐረፍተ ነገርና ብዙ ንግግር ይፈልጋል። ያኔ ቋንቋህ የት እንደሚንተባተብ ወዲያው ይታወቃል።

ለዚያ ልጅ የመለስኩለትም ይሄንኑ ነው። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ጻፍ አልኩት፤ በሁለቱ ቋንቋ፣ አንዱን ሳታይ። ከዚያ ለአክስትህ ጮክ ብለህ አንብብላት። አክስትህ እንግሊዝኛ ካልገባት ስለየትኛው ሰው እየጻፍክ እንደሆነ ያኔ ይገባሃል። «እንግሊዝኛ ይገባታል፣ ዳላስ ነው ያለችው» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። እንዲያ ከሆነ የዳላሷን አክስትህን ጻፋት አልኩት፤ በስልክ በአማርኛ እየተቆጣች ልጇን በእንግሊዝኛ የምታባብለውን።

እኔ የድንኳኑን ታሪክ ዘንድሮ በአማርኛ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ዘጠናኛው ገጽ ላይ ነኝ። ገዳዩን መንደሩ ሁሉ እሳቸው፣ እሳቸው ይላል፤ ተራኪውም። ውጭ አገር ያለ ጓደኛዬ ናሙና ልተርጉምልህ ብሎ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወሰደ። በሁለተኛው ቀን ደወለ።

«ይሄ እሳቸው የምትለው ሰው» አለኝ፣ «ወንድ ነው ሴት? አንዱን ካልነገርከኝ መጀመር አልቻልኩም።»